ከአቡጀዲ እስከ «ጣሊያን» ጫማ

በ1998 ዓ.ም. ገና በረዳት ምሩቅነት እንደተቀጠርኩ፣ ከደመወዜ ጥቂት አጠራቅሜ ፒያሳ ከነበሩት የጫማ መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ሻጩ ሁለት ጥቁር ጫማዎች አቀረበልኝ። አንዱን «ይሄ የአገር ውስጥ ነው» ብሎ ወደ ጎን ገፋ አደረገው፤ የሌላውን ሶል ገልብጦ «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ማኅተም አሳየኝ። የዋጋ ልዩነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዙም ሳላመነታ የጣሊያኑን ገዛሁ። ከወራት በኋላ ታኮውን ለማስቀየር ከጊዮርጊስ ወረድ ብለው ለሚቀመጡ አንድ አረጋዊ ጫማ ሰፊ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይህን የሰፋው የመርካቶ ልጅ ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «አራዳ» የሚለው ስም ለብልጥ ሰው መጠሪያ በሆነበት ሰፈር መሞኘቴ ሳያንስ፣ በዚያው ሳምንት ተማሪዎቼን የማስተምረው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሐሳብ ነበር!

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን መታለሌ አልነበረም። ጫማው ጥሩ ጫማ ነበር፤ አራት ዓመት አገልግሎኛል። የሠራው ሰው እጁን በባዕድ ስም ባይሸፍነው ኖሮ ግን አልገዛለትም ነበር። «የአገርህን ምርት ግዛ» የሚለውን ምክር በሰማሁ ቁጥር ይህ ጫማ ትዝ ይለኛል። ምክሩ ጥፋቱን ሁሉ በሸማቹ ልብ ላይ ይጥላል። እኔ በበኩሌ ከጥፋቱ ድርሻዬን እወስዳለሁ። የአራዳ ታሪክ እንደሚነግረን ግን ነገሩ የሸማች ፍቅር ማነስ ብቻ አይደለም።

የአራዳ ገበያ፣ ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ዙሪያውን የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቆች ከበውት ነበር፤ ከነዚህም ስመ ጥሩ የህንዱ መሐመድ አሊ መደብር ነው። ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ሸቀጥ ዋነኛው ጨርቅ፣ ከጨርቁም የአሜሪካ አቡጀዲ ነበር። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው የጨርቅ ገበያ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ የባዕዱ ሸቀጥ ጉዞ አጠረ። ኋላም የጃፓን ጨርቅ መጥቶ አሜሪካኑን በርካሽነቱ አስለቀቀው። የአራዳ ሸማች አሜሪካን ትቶ ወደ ጃፓን የዞረው የትኛውንም አገር ወድዶ አይደለም፤ ኪሱን አይቶ ነው።

ሸማኔውስ? አልጠፋም። ግን እሱም ከውጭ በሚመጣ የፋብሪካ ክር፣ በተለይም በህንድ ክር፣ መሸመን ጀመረ። በአራዳ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ የሚለበሰው ነጠላ ስንቱ ከቦምቤይ በመጣ ክር የተሠራ ነበር ይሆን? «የአገር ልብስ» የምንለው ነገር ያኔውኑ ድብልቅ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ 1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚያወግዝ አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ጽሕፈት አዋቂውን ጠንቋይ እያላችሁ ብልሃተኛውን አሳደዳችሁት፣ አገሪቱም ባዶ ቀረች የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተፈረመው ውል፣ በገቢ ሸቀጥ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ለወይንና ለመሰል መጠጦች እንዲያውም ከመቶ ስምንት። ሌሎቹም መንግሥታት በየውላቸው ይህንኑ ጥቅም ተጋሩ። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ የብልሃተኛውን ክብር በአዋጅ ሲጠብቁ፣ የእጁን ሥራ በጉምሩክ በር ላይ የሚጠብቁበት ሥልጣን ከእጃቸው ወጣ። አዋጁን ደጋግመን እንጠቅሳለን፤ ውሉን ግን አናነሳውም።

ገብረ ሕይወት ይህ በደንብ ገብቶት ነበር። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት የመኪና ሥራ እንደሚለውጥ አስረድቷል። መድኃኒቱም ዕውቀትና የመንግሥት ሥርዓት ነው እንጂ የገዢ ልመና አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። አራዳ የደረሰው ግን የጃፓን ጥበብ ሳይሆን የጃፓን ጨርቅ ሆነ።

ወደ ጫማዬ ልመለስ። ከ1930 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አርመናውያን ነጋዴዎች በአዲስ አበባ ባቋቋሟቸው ፋብሪካዎች ሙያ የቀሰሙ ሠራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን መስፊያ ከፈቱ፤ የመርካቶ ጫማ ሥራ የእነርሱ ዘር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ዘጉ። የተረፉት የጣሊያንን ሞዴል አጠኑ፣ ቆዳና ስፌታቸውን አሻሻሉ፣ በጥቂት ዓመታትም የአገር ውስጡን ገበያ መልሰው ያዙ። ያ ሐሰተኛ ማኅተም የዚያ ትግል ጠባሳ ይመስለኛል።

በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚለው ንቅናቄ ተጀመረ። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ ከለከለ፤ በሐምሌ 2016 ክልከላውን አነሣ። የተከለከለው ዶላር ስላጠረ፣ የተፈቀደውም የምንዛሪ ፖሊሲው ስለተለወጠ ነው። የመርካቶ ሰፊ በሁለቱም ጊዜ የጠየቀው አልነበረም።

በዚያው በ2016 ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ የአረጋዊውን ጫማ ሰፊ ቦታ በዓይኔ ፈለግሁት፤ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው። ከዚያ ወደ መርካቶ ሄጄ ጫማ ገዛሁ። ሶሉ ላይ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ይላል። ሻጩን ጠየቅሁት። ቆዳውና ስፌቱ የእኛው፣ ሶሉ ግን ከቻይና የመጣ ነው አለኝ።