በወንዝ ዳር ያደሩ የባሌ እንግዶች

ከሩቅ አገር መጥቶ በባሌ ተራሮች በወንዝ ዳር በተሰናዳለት ማረፊያ የሚያድረውን ባለጸጋ እንግዳ እያየ ይህ የዘመናችን ፈሊጥ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በወይብ ሸለቆ ስላለው ስለ ፍንጫ ሀበራ ዋሻ ቢሰማ አሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል። ሊቃውንት የዋሻውን አፈር ቆፍረውና መርምረው በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳስታወቁት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍ ባለው በዚህ ስፍራ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ይሰፍሩ ነበር። እነዚህ ጥንታውያን ሰፋሪዎች ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ባልጩት ከዋሻው በላይ ካሉት ከፍታዎች ያመጡ ነበር፤ ማዕዳቸውም በአብዛኛው በእሳት የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነበር።

ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ዛሬም በሳነቴ አምባ ላይ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ከጉድጓዱ እስከ ወገቡ ብቻ ብቅ ብሎ፣ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ፣ አፉ ሲሞላ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሲገባ ይታያል። ቀይ ቀበሮም ይህንኑ አውቆ በሆዱ ተስቦ ይጠጋና የፍልፈሉ ጭንቅላት እስኪወጣ ይጠብቃል። የጥንቱ ሰፋሪ ማዕድ የነበረው ፍልፈል የቀበሮው ቀለብ መሆኑ፣ ቀበሮውም ዛሬ እንግዳ ከባሕር ማዶ የሚመጣበት ምክንያት መሆኑ ሲታሰብ የነገሩ አመጣጥ ያስደንቃል።

ከዋሻው ሰዎች ወዲህ በዚህ ምድር ሲያድር የኖረው ከብት አርቢው ነው። ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት የባሌ ኦሮሞ አርቢዎች እንደየወቅቱ መንጋቸውን ከቆላና ከደን ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ታች እየነዱ፣ ማዕድን ባለባቸው ሆራዎች ከብቶቻቸውን እያጠጡ፣ ባረፉበት ጎጆ እየቀለሱ ኖረዋል። ስለ ባሌ በተጻፉት የጉዞ ታሪኮች ይህ ሰው እንደ ጥላ አልፎ መሄዱ፣ አገሩን ከተጓዦቹ ሁሉ በፊት ያወቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ለእኔ ፍርድ የጎደለው አጻጻፍ ነው።

የአውሮፓ እንግዶች ቀድሞ የመጡት ጠመንጃ ይዘው ነበር። ሜጀር አይቨር በክስተን በ1908 እ.ኤ.አ. በአርሲ ተራሮች የደጋውን ኒያላ ገደለ፤ ሪቻርድ ላይደከር የተባለው የእንስሳት ሊቅም ከሁለት ዓመት በኋላ በገዳዩ ስም ሰየመው። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌስሊ ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ኒያላውን ሊያጠና ወደ ባሌ ወጣ፤ ስፍራው የተከለለ ማኅደረ አራዊት እንዲሆንም አሳሰበ። በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ጽሕፈት ቤቱም ከሮቤ በስተ ምዕራብ፣ ወይብ በሚያልፍባት በዲንሾ ሆነ። በዚያም ቅጥር ውስጥ ያለችው የእንጨት ማረፊያ ኒያላና የምኒልክ ድኩላ እስከ ደጃፏ የሚመጡባት፣ እንግዶች ብርዱን በምድጃ እሳት የሚያርቁባት፣ ምቾት ሳይኖራት የምትወደድ ቤት ሆና ኖረች።

ምቾቱ የመጣው በኋላ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን ያቋረጠ መንገድ ወደ ደሎ መና ሲወርድ፣ በሐረና ደን ውስጥ ካቻ በተባለው ገላጣ ስፍራ በ2006 ዓ.ም. ባሌ ማውንቴን ሎጅ ተከፈተ። ክፍሎቹ ጥቂት፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ሲሆን፣ መብራቱ ከዚያው ከሚወርደው ውኃ እንዲመነጭ፣ እንግዳው የሚያወጣውም ገንዘብ ለደኑና ለአራዊቱ ጥበቃ እንዲረዳ ታስቦ የተሠራ ነው። አሳቡን አመሰግናለሁ፤ ሆኖም በዚያው ደን የጫካ ቡና የሚለቅመውና ከዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ሰው ከእንግዳው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚደርሰው ሳይጠየቅ ጥበቃው ተሳካ ሊባል አይገባም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ይህ ጥያቄ ከበደ እንጂ አልቀለለም፤ ዛሬም በየዓመቱ ወቅቱ ሲደርስ የጎዳንቱ መንጋ ወደዚያው ሣር ይወጣል።