ስለ ነሐስ ገንዘብ፤ ከጽርዕ ከተሞች እስከ ጎማ ገበያ

የገንዘብን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት አብዝተው የሚያተኩሩት በወርቁና በብሩ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ወርቅና ብር ዋጋቸውን በገዛ አካላቸው ይዘው ስለሚዞሩ፣ ያተማቸው መንግሥት ቢወድቅ እንኳ ቀልጠው ይሸጣሉ፣ የነሐስ ሳንቲም ግን የመዓድኑ ዋጋ ከተጻፈበት ዋጋ ያነሰ በመሆኑ፣ የሚኖረው ያወጣው ሥልጣን ቃሉን እስከ ጠበቀ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የነሐስ ገንዘብ የሚሠለጥነው መዳብ በሚቈፈርበት ስፍራ ሳይሆን፣ መልሶ የሚቀበለው ሹም ለሻጭና ለገዢ ቅርብ በሆነበት ስፍራ ነው።

ይህ በመጀመሪያ የተገለጠው በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በሲሲልያና በደቡብ ኢጣልያ በነበሩት የጽርዕ ከተሞች ነው። አቴና በጦርነት ብሯ ባለቀባት ጊዜ ብር የተለበጠ መዳብ አውጥታ፣ በ405 ቅ.ል.ክ. ባለ ቅኔው አሪስቶፋኒስ በትያትሩ ተሣልቆባታል፤ በሚቀጥለው መቶ ዓመት ግን ስምንቱ ኦቦል ለተባለ አንድ የብር ሳንቲም የሚመነዘረው የነሐስ ሳንቲም የዕለት መገበያያ ሆኗል። የሴስቶስ ከተማ ሕዝብ ደግሞ በ2ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ሜናስ የተባለውን ዜጋ ባከበረበት የድንጋይ ጽሕፈት፣ ከተማይቱ የራሷን ነሐስ ለማተም የወሰነችበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ የከተማይቱ ምልክት በገበያ እንዲዘዋወርና ከኅትመቱ የሚገኘው ትርፍ ለሕዝቡ እንዲገባ ነው ይላል።

በእኛም አገር የአክሱም ነገሥታት፣ ከ3ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. ፍጻሜ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ወርቅና ብር፣ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ነሐስ አትመዋል። ወርቁ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ስለሚወጣ ጽሕፈቱ በአብዛኛው በጽርዕ ቋንቋ ጸና፤ በአገር ውስጥ በሚዘዋወረው በብሩና በነሐሱ ላይ ግን ግእዝ እየገነነ ሄደ። ስሙ ያልተጻፈ አንድ ንጉሥ በነሐሱ ላይ፣ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል የጽርዕ ቃል አሳትሟል፤ ኋላም ንጉሥ አርማሕ «ፍሥሐ ለይኩን ለአሕዛብ» ብሏል። ከእነዚህ ጥቃቅን ሳንቲሞች አንዳንዶቹን አቅርቦ የተመለከተ ሰው፣ በላያቸው በተቀረጸው መስቀል መካከል ስስ ወርቅ ተለብጦ ያገኛል፤ ርካሹን መዓድን እንዲህ ማስጌጥ፣ ንጉሡ ተራውን ተገበያይ በእምነት ለማሰር የደከመበት ሥራ ነው።

ኅትመቱ በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከተቋረጠ በኋላ፣ የነሐሱን ቦታ አሞሌ የተባለው የጨው ጡብ ያዘ። ከብዙ ዘመን በኋላም በጊቤ ወንዝ ምድር፣ የጎማ መንግሥት መዲና በነበረችው በአጋሮ፣ በጅማም በሂርማታ ገበያ፣ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ባሪያውም ሳይቀር በጅምላ ሲሸጥ የማርያ ቴሬዛ መልክ በታተመበት በጠገራ ብር፣ በችርቻሮ ሲሸጥ በአሞሌ ይከፈል ነበር። አሞሌው ከአፋር ምድር እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምር፣ ዝናብ ሲነካውም ይሟሟ ነበር፤ ቢሆንም የማንንም ንጉሥ ቃል ስለማይጠይቅ፣ እርስ በርስ በሚፎካከሩት በጊቤ መንግሥታት መካከል ተማምኖ ለመገበያየት ከመዳብ ይልቅ ተስማሚ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሟቸው፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ብሮች፣ ቀጥሎም በ1889 ዓ.ም. የወጣው የመዳብ የብር መቶኛ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ በቶሎ ያልተለመዱት፣ ገበያው በንጉሥ ቃል መታመንን ስላልለመደ ነው፤ ነጋዴው በማርያ ቴሬዛ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየመረመረ፣ 1780 የሚለውንም ዓመት እያየ፣ የሩቅ አገር ንግሥት መልክ ከገዛ ንጉሡ መዳብ አብልጦ ያምን ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ ዐዋጅ፣ 1936 ከተጻፈባቸው የመዳብ ሳንቲሞች ጋር፣ ብርንና ሳንቲምን አንድ ሥርዐት አደረገ።

እንግዲህ የጊቤን ገበያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ ጠገራው የተገኘበትን ስፍራ ከመቍጠር ይልቅ፣ ተራ ቸርቻሪ መዳብ ያለ ክርክር መቀበል የጀመረበትን ዓመት ከየከተማው ቢፈልግ፣ የመንግሥት ሥልጣን ከዐዋጅ አልፎ በእውነት የደረሰበትን ድንበር ያገኛል፤ ጠገራው የሚመሰክረው ቡናችን ባሕር ተሻግሮ መሸጡን ብቻ ነውና።