የፊደል ገበታው የቀነሰልን ኮድ

እ.ኤ.አ. በ1976 ቶማስ ማክኬብ የሚባል አሜሪካዊ የኮድን ውስብስብነት በቁጥር የሚለካ ዘዴ አሳተመ። ቀላል ነው፦ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ያሉትን ውሳኔዎች ቁጠሩ፣ አንድ ጨምሩ። ከ10 ካለፈ ከፋፍሉት።

አማርኛ ላይ እንሞክረው። «ቤት» «ቤቶች» ሲሆን ሳድሱ «ት» ወደ ሳብዕ «ቶ» ይቀየራል። ስለዚህ ቃል የሚያረባ ሶፍትዌር የፊደሉን ተራ ማወቅ አለበት። ድሮ ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። የዘመኑ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው አንዳንዱ ፊደሉን በተለያየ ፎንት ይበትነዋል። እንዲህ ላለው፣ ለ33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት «ከሆነ» ብትጽፉ 231 ውሳኔ ነው። በማክኬብ መለኪያ 232! ማን ያነበዋል?

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን እንደ ገበታው በረድፍ አስገባው፤ ለአንድ ረድፍ ስምንት ቦታ፣ ስምንተኛው እንደ «ሟ» ላሉት። «መ» 4632 ነው፣ «ሞ» 4638። ለ8 አካፍሉና ቀሪውን እዩ፦ 0 ግዕዝ፣ 6 ሳብዕ። እንደ «ፘ» ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ ውሳኔ የሚባል ነገር የለም። መለኪያው 1 ሆነ።

ሩዋንዳ አካባቢ በምሠራበት ቢሮ ኮድ ሲከብደን ቶሎ የሚታየን ፈንክሽኑን መቆራረጥ ነው። ግን 231ን ብትቆራርጡት ውሳኔዎቹ ቦታ ቀየሩ እንጂ አልጠፉም። እዚህ ያጠፋቸው የዳታው አደራደር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛብኝ፣ ኮዱን ከመንካቴ በፊት ሰንጠረዡን አያለሁ። ሀ ሁ ሂ ያልንበት ገበታም እኮ ሰንጠረዥ ነው።