ማሪያ ከመምጣቷ በፊት የጨለመችው ደሴት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ማለዳ ማሪያ የተባለችው ከባድ አውሎ ነፋስ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚምዘገዘግ ነፋስ ይዛ ፖርቶ ሪኮን ከደቡብ ምሥራቅ እስከ ሰሜን ምዕራብ አቋርጣ አለፈች። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ይህች የአሜሪካ ግዛት በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ጨለመች። የመጨረሻዎቹ ደንበኞች መብራት ያዩት በኦገስት 2018፣ ከ11 ወራት ገደማ በኋላ ነው። በአሜሪካ ታሪክ እንዲህ ያለ ረጅም የመብራት መጥፋት አልታየም።

ነፋሱ የነፈሰው ለሰዓታት ነው። ጨለማው ለምን ለወራት ቆየ?

የደሴቲቱን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውም የሚያከፋፍለውም ፕሬፓ የሚባል፣ በ1941 የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ይህ ድርጅት ለከተማ አስተዳደሮች መብራት በነጻ ይሰጥ ነበር። ነጻ ነገር ደግሞ ማንም አይቆጥብም። አጉዋዲያ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ በዚሁ ነጻ መብራት የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ከፍታ ነበር፤ ያውም በሞቃታማው ካሪቢያን! ፕሬፓ በበኩሉ እየተበደረ ኖረ። ዕዳው 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲደርስ፣ ማሪያ ልትመጣ ሦስት ወር እንኳ ሳይቀራት፣ በጁላይ 2017 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ።

ዋና ዋናዎቹ የኃይል ማመንጫዎች ያሉት በደቡብ ነው፤ ሳን ሁዋንን ጨምሮ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን በሰሜን ይኖራል። በመካከል ጫካ የለበሰ ተራራ አለ፤ መስመሩ የሚያልፈው በዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መስመር በየጊዜው ዛፍ ሊገረዝለት፣ ያረጀ ምሰሶ ሊቀየርለት ይገባል። ሆኖም ዛፍ መግረዝ ሪባን አያስቆርጥም፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው። ልምድ ያላቸው ሠራተኞችም ጡረታ እየወጡና ወደ ዋናው አሜሪካ እየሄዱ አለቁ። ክረምት በገባ ቁጥር ዛፍ ሽቦ ላይ ወድቆ ሰፈሩ የሚጨልምበት የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከማሪያ ሁለት ሳምንት በፊት ኢርማ የተባለችው አውሎ ነፋስ በጎን ስታልፍ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ጨልሞባቸው ነበር።

ጥገናው ራሱ ሌላ ጉድ ነው። 300 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣው ውል የተሰጠው ማሪያ በመታችበት ጊዜ ሁለት ቋሚ ሠራተኞች ብቻ ለነበሩት ዋይትፊሽ ለተባለ የሞንታና ኩባንያ ነው። ጩኸት ሲበዛ ውሉ በኦክቶበር መጨረሻ ተሰረዘ፤ በኖቬምበር የፕሬፓ ኃላፊ ሥራቸውን ለቀቁ።

በዚህ መሀል ሰው ይሞት ነበር። መንግሥት ለወራት የሟቾች ቁጥር 64 ነው ሲል ቆየ። በኦገስት 2018 ግን የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያካሄደውን ጥናት ተቀብሎ ቁጥሩን 2,975 አደረሰው። ሁሉንም የገደለው የመብራት እጦት አይደለም። ነገር ግን የኩላሊት እጥበት፣ የኦክስጅን መሣሪያ፣ ኢንሱሊን የሚያቆይ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ሶኬት ይፈልጋሉ።

የተጠገነውም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። በኤፕሪል 2018 አንድ ኤክስካቫተር መስመር ስለነካ ብቻ ደሴቲቱ በሙሉ እንደገና ጨለመች። የአሜሪካ የአደጋ ሕግ በመደበኛው አካሄድ የወደቀውን እንደነበረ ለመመለስ እንጂ ለማሻሻል ገንዘብ አይሰጥም። ያረጀን ነገር እንዳረጀ መልሶ መትከል ማለት ነው። ኮንግረስ ለፖርቶ ሪኮ ይህን ገደብ ያነሳው በፌብሩዋሪ 2018 ነበር። በ2020 ለኤሌክትሪክ መረቡ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተፈቀደ። በሴፕቴምበር 2022 ፊዮና ስትመጣ ግን አብዛኛው ገንዘብ ገና መሬት አልወረደም ነበር። ፊዮና ከማሪያ እጅግ የደከመች፣ አንደኛ ደረጃ አውሎ ነፋስ ናት። ደሴቲቱ ግን ዳግም ድርግም አለች።

በማሪያ ጊዜ መብራት ከነበራቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ አድሁንታስ በምትባል የተራራ ከተማ የሚገኘው ካሳ ፑዌብሎ ነው። በ1980 የመዳብ ማዕድን ቁፋሮን ለመቃወም የተመሠረተው ይህ ማኅበር ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የተከለው በ1999 ነበር። በዚያ ሰሞን የከተማው ሰው ስልኩንም የመተንፈሻ መሣሪያውንም ይዞ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። በ2023 የአድሁንታስ ነጋዴዎች ዋናው መስመር ቢቋረጥም ሱቆቻቸውን የሚያቆይ፣ በፀሐይና በባትሪ የሚሠራ የራሳቸውን መረብ አስመረቁ።