ወባ በሳብያ ደም ውስጥ የተወው እና የሌሊት ትንፋሽ

ሳብያ በሳውዲ አረቢያ ከጂዛን ከተማ በስተ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር ጠረፍ በተዘረጋው የቲሃማ ቆላ ላይ ትገኛለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሐመድ ኢብን አሊ አል-ኢድሪሲ በኦቶማኖች ላይ ተነሥቶ ያቋቋመው ኢሚሬት መናገሻ ነበረች። ገበሬዋ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየገደበ ማሽላ ያበቅል ነበር፤ ጎርፉ ሲያልፍ የሚያቁረው ውኃ ደግሞ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ወባ ከሳውዲ አረቢያ ሊነቀል ብዙ ያስቸገረውም በዚሁ በጂዛን ምድር ነው።

በሽታው ትውልድ በተፈራረቀ ቁጥር በነዋሪው ደም ውስጥ ሲክል ሴል የሚባለውን ዘረመል አበዛ። ተመራማሪው አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ከሁለቱም የወረሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይታመማል። በጂዛን የሚበዛው ከአፍሪካ የመጣው ቤኒን የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ በምሥራቅ ሳውዲ ካለው የአረብ-ህንድ ዓይነት ይከፋል። ዘረመሉ በኢትዮጵያ ደጋ ብርቅ ስለሆነ ሕመሙ ለብዙ አማርኛ አንባቢ እንግዳ ነው።

የታማሚው ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ሲያንሰው እንደ ማጭድ ይቆለመምና ቀጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል፤ አጥንት የሚሰብር የሚመስለው ሥቃይ የሚመጣው ከዚህ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚያሰጋውም ስለዚህ ነው። ጉሮሮ በተዘጋ ቁጥር የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ባንኖ ያነቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ይደጋገማል። ሲክል ሴል ባለባቸው ልጆች ደግሞ ጉሮሮን የሚያጠብበው የቶንሲልና የአዴኖይድ ማበጥ የተለመደ ነው። የልጅን ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርጎ ማለፍ ስለዚህ ክፉኛ ይጎዳል።

ሲክል ሴል የሌለበት አዋቂም የትንፋሽ መቆራረጡ ሳይታከም ከቆየ ለደም ግፊት፣ ለልብ ምት መዛባት፣ ለስትሮክና በመሪ ላይ እንቅልፍ ለሚያመጣው አደጋ ይጋለጣል።

ለከባድ የትንፋሽ መቆራረጥ ቀድሞ የነበረው መፍትሔ አንገትን በስቶ መተንፈሻ ማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በሲድኒ ተመራማሪው ኮሊን ሱሊቫን በአፍንጫ ጭምብል አየር በግፊት እያስገባ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገውን ዘዴ ይፋ አደረገ። ለልጆች በአብዛኛው የሚበጀው ቶንሲልን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው፤ ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ግን በሰመመን ጊዜ ሴሎቹ እንዳይቆለመሙ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ደም ይሰጠዋል።

ሳውዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት የሲክል ሴል ምርመራ እንዲያደርጉ ታስገድዳለች። ምርመራው የሚያገለግለው ለሚወለዱት ነው፤ ሕመሙን ይዘው ያደጉት ግን በክትትል ቀናቸው ስለ ማንኮራፋትና ስለ ሌሊት ትንፋሽ ሊጠየቁ ይገባል።