አንጀትን የሚይዝ፣ ደምን የሚመጥ፦ የጎዝ ፓክ በሆድ ቀዶ ጥገና

ሆድ ተከፍቶ በሚሠራ ቀዶ ጥገና ላይ ሐኪሙ ወደ በሽታው ከመድረሱ በፊት ከአንጀት ጋር ይታገላል። ብዙ ሜትር የሚረዝመው ቀጭኑ አንጀት ከያዙት ቦታ ይንሸራተታል፤ በቅጡ ያልላላ የሆድ ጡንቻ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽም ከዲያፍራሙ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ደም፣ የተበሳ አንጀት ፈሳሽ፣ በቄሳሪያን ጊዜ ደግሞ የእንሽርት ውሃ መታየት ያለበትን ሁሉ ይሸፍናል። እነዚህን ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ የሚያቃልለው ዕቃ ከበርካታ ድርብ ጎዝ የተሰፋና በጨው ውሃ የራሰ ፓክ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው የፓኩ አደጋና ጥቅም ከአንድ ባሕርይ እንደሚመነጩ፣ ጥንቃቄውም ቆዳው ከመቀደዱ በፊት መጀመር እንዳለበት ነው።

በየኦፕሬሽን ክፍሉ ስማቸው የሚነሳው የብረት መያዣዎች ናቸው። የባልፎር ሪትራክተር በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ በነበሩት በካናዳዊው ሐኪም በዶናልድ ባልፎር ስም ይጠራል፤ የዲቨር ሪትራክተር ደግሞ የፊላደልፊያውን ጆን ዲቨርን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ባልፎር በዋናነት የሆድን ግድግዳ ግራና ቀኝ ይለያል እንጂ አንጀትን አያቆምም። አንጀት በብረቶቹ መካከል ሾልኮ ይመለሳል። ወደ ላይ ተገፍቶ እንዲቆይ የሚያደርገው በዙሪያው የሚጠቀጠቀው ፓክ ነው። በብረቱና በሥጋው መካከል ገብቶ ጫናውን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። ጫናው ቀላል ነገር አይደለም። በማህፀን ቀዶ ጥገና ላይ፣ በተለይ በቀጭን ሴቶች፣ የሪትራክተሩ ጎን ጠልቆ ጡንቻውን ሲጫን የጭን ነርቭ ይጎዳና ታካሚዋ ስትነቃ ጉልበቷ ይከዳታል። ፓክም ሲበዛ ትልቁን የደም መልስ ሥር ተጭኖ የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። ይህን ቀድሞ የሚያየው ማደንዘዣ ሰጪው ስለሆነ ቃሉ ሊሰማ ይገባል።

ፓኩ ለምን ይርሳል? ደረቅ ጎዝ አንጀትን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ ሲድን እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ይህ መጣበቅ ከዓመታት በኋላ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። በሌላ በኩል ውሃ የጠገበ ፓክ ደም አይመጥም፤ ስለዚህ ተጨምቆ ይገባል። ውሃውም ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ የደም መርጋት ይዳከማልና። የወጣው ፓክ ደግሞ የደም መለኪያ ነው። ከክብደቱ ላይ የደረቁ ክብደትና የጨው ውሃው ተቀንሶ የሚቀረው እያንዳንዱ ግራም በግምት አንድ ሚሊ ሊትር ደም ይሆናል። በጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓክ ሙሉ በሙሉ ሲርስ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይይዛል። በዓይን ግምት ብቻ ከተኬደ ከወለደች በኋላ የምትደማ እናት የጠፋባት ደም አንሶ ይታያል። በኔ እምነት ሚዛን የሌለው የማዋለጃ ኦፕሬሽን ክፍል መሠረታዊ ዕቃ ጎድሎታል።

አሁን ወደ አደጋው እንሂድ። ፓክ የሚጠቅመው ለስላሳ ሆኖ በየጥጉ ስለሚገባ፣ ደም ጠጥቶም የአካባቢውን ቀለምና ቅርጽ ስለሚይዝ ነው። ከዓይን የሚሰውረውም ይኸው ነው። አቱል ጋዋንዴና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በ54 ታካሚዎች ሰውነት ውስጥ ከተረሱት 61 ዕቃዎች 69 በመቶው ጎዝ ነበር። አደጋው በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ዘጠኝ እጥፍ ያህል፣ የታቀደው ሥራ መሐል ላይ ሲለወጥ ደግሞ አራት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፦ ቆጠራ ተደርጎ ከተመዘገበባቸው ጉዳዮች በ88 በመቶው ቆጠራው «ትክክል» ተብሎ ነበር።

ይህ አኃዝ ቆጠራ ከንቱ ነው አያሰኝም። ስህተቱ ወዴት እንደሚደበቅ ግን ይጠቁማል። ከአውቶክሌቭ የመጣ ጥቅል «አሥር ነው» ተብሎ ሳይፈታ ተመዘገበ እንበል። ውስጡ አሥራ አንድ ከነበረና መጨረሻ ላይ አሥር ከተገኘ፣ ሁሉም ተስማምቶ ሆዱ ይዘጋል፤ አንዱ ውስጥ ነው። ሁለት ተጣብቀው እንደ አንድ ቢቆጠሩ፣ ወይም አንዱ ለሁለት ቢቀደድ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ቆጠራ የመጀመሪያው ነው፦ ስክራብ ነርሷ እያንዳንዱን በእጇ ለያይታ፣ ሌላዋ ነርስ እያየች፣ ጮክ ብለው የሚቆጥሩት። ከተመዘገበው ቁጥር የተለየ ጥቅል ከክፍሉ ይወጣል እንጂ «ይስተካከላል» ተብሎ አይቀመጥም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ጎዝ በጥቅል ይመጣና በሠራተኞች እጅ ተቆርጦ፣ ታጥፎና ታስሮ ይጸዳል። መጠኑና ብዛቱ በሠራተኛው ትኩረት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በኤክስሬይ የሚታየው የባሪየም ክርም የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሠለጠኑት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በገጠር የሚሠሩት አብዛኛው ሥራ ደግሞ ድንገተኛ ነው፦ ቄሳሪያን፣ የተቀደደ ማህፀን፣ የተጠማዘዘ አንጀት። የጥናቱ ዋና አደጋ የእነዚህ ባለሙያዎች የዘወትር ሥራ ነው ማለት ነው። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስም በኢትዮጵያ ያካሄደው ፕሮግራም የጎዝ ቆጠራን ከስድስት ዋና ተግባራቱ አንዱ አድርጎታል። በአምስት ሆስፒታሎች ተሞክሮ የቀዶ ጥገና ኢንፌክሽን አደጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ውጤቱ የስድስቱም ተግባራት ድምር ስለሆነ ለቆጠራው ብቻ ልንሰጠው አንችልም፤ ቆጠራ በጠባብ በጀትም ሥር ሊሰድ እንደሚችል ግን ያሳያል።

ፓክ ሆን ተብሎ የሚተውበት ጊዜም አለ። የግላስጎው ሐኪም ሆጋርት ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ1908 የጻፉለት የጉበት ደም መፍሰስ ዛሬም በከባድ አደጋ ጊዜ በፓክ ታፍኖ ይያዛል፤ ታካሚው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሞቀና ደሙ መርጋት ከጀመረ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሆዱ ዳግም ይከፈታል። ያን ጊዜ የሚከፍተው ሌላ ቡድን ሊሆን ይችላል። የተተወው ቁጥር በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ ካልተጻፈና በቃልም ካልተላለፈ፣ ሁለተኛው ቡድን ምን ያህል ማውጣት እንዳለበት አያውቅም።

ባለጸጋ ሆስፒታሎች በእያንዳንዱ ጎዝ ላይ የሚነበብ ኮድ ወይም በሬዲዮ ሞገድ የሚለይ ምልክት ያስገባሉ። ለእኛ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማዕከላዊ ግዢው ባሪየም ክር ያለውን ፓክ ከሁሉ አስቀድሞ ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና ክፍሎች ያድርስ። በእጅ የሚሰፋው ፓክም ረጅም ጭራ ይኑረው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ የጭራው ጫፍ በአርተሪ ፎርሴፕስ ተይዞ ከቁስሉ ውጭ ይንጠልጠል። ማታ ኤክስሬይ በማይሠራበት ሆስፒታል፣ ያ የተንጠለጠለ ብረት ሐኪሙ ሆዱን ከመዝጋቱ በፊት በዓይኑ የሚያየው፣ በእጁም የሚነካው ማረጋገጫ ነው።