ተሰማ የማን ስም ነው?

አዴት ገበያ መሃል ቆሞ «ተሰማ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ከአንድ በላይ ራስ ሳይዞርለት አይቀርም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ዘመድ ናቸው? አይደሉም። ተሰማ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ የተሰማ ቤተሰብ የሚባል ነገር ግን የለም። እንግሊዝ አገር ስሚዝ የሚባለው ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ለዘመናት ይወርዳል። የእኛው ግን ልጅ ላይ አባት፣ የልጅ ልጅ ላይ አያት ሆኖ ይቆይና ከዚያ በኋላ ከወረቀት ይወጣል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጸሎቱ ተሰማ፣ ወይም ዝናው ተሰማ። እንደ ስም አውጪው ሐሳብ ነው።

የጎጃምን ገዢ ቤት እንይ። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ልጃቸው ተሰማ ጎሹ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ አዳል ተሰማ። ዐፄ ዮሐንስ አዳልን በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሧቸው ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ሆነ። ልጃቸውም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ እንጂ ኃይሉ አዳል አልተባሉም። ቁጠሩት እንግዲህ፤ ዘውዴ፣ ጎሹ፣ ተሰማ፣ ተክለ ሃይማኖት። አንድ ቤት፣ አራት የአባት ስም።

ሌሎቹም ተሰማዎች እንዲሁ ናቸው። የልጅ ኢያሱ እንደራሴ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውና በርሊን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራሱ ልጅ ናቸው። በፈረንጅ ወግ «ሚስተር ተሰማ» ሲባሉ የተጠሩት እሳቸው ሳይሆኑ አባታቸው ናቸው ማለት ነው!

ለምን እንዲህ ሆነ? ጎጃም ውስጥ መልሱ ከመሬት ጋር ይያያዛል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ርስት የሚጠየቀው መጀመሪያ መሬቱን ከያዘው ዋና አባት ትውልድ እየቆጠሩ ነው። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይሄዳል። «የእናቴ አባት፣ የእሱም እናት፣ የእገሌ ልጅ» ብሎ የቆጠረ ድርሻ ይጠይቃል። ሴትም ትጠይቃለች፤ ስታገባም የአባቷን ስም አትጥልም። በአባት በኩል ብቻ የሚወርድ አንድ ስም ለዚህ ሰው ምን ይፈይድለታል? የሌላውን መስመር ሁሉ ይደብቅበታል እንጂ።

ስም መቁጠር ጨዋታ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ ሸፈተ። ያስፈራው ግብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካ ርስቴ ይሄዳል የሚልም ስጋት ነበረበት። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ የርስት ሙግት አበቃ። ገበሬው መሬት አገኘ፤ የሩቅ አያት የሚቆጠርበት ምክንያት ግን አብሮ ተዳከመ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ወረቀት ላይ ቀረ። ሕጉ ያልቻለውን ዛሬ ስደት እየሠራው ነው። ውጭ አገር ቅጽ ሲሞላ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ይሆናል፤ እዚያ የሚወለደውም ልጅ እሱኑ ይዞ ያድጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ የአዴት ገበሬ ሳያስበው የስሚዝ ባልንጀራ ይሆናል።

ክፋት የለውም፤ ያ ስም ይኖራል። የማይኖረው የሌሎቹ ስም ነው፤ በተለይ የሴት አያቶች። ርስት በነበረ ጊዜ እነሱን የረሳ መሬት ያጣ ነበር። አሁን የሚረሳቸው ሰው የሚያጣው ነገር ስለሌለ፣ መርሳቱንም አያውቀው። የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ግን ዛሬም አሉ፤ የሚጠይቃቸው ከተገኘ ይቆጥራሉ።